ይሄ ሰውዬ ራሱ አለቃ ነው

አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ጊዜው የእንግሊዝ አገር ብርድ የሚብስበት ወር ነው፤ ከቤት መውጣት አልሆንላቸው አለ። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ላይ የዲስክ ስብስብ አነሱና "ይሄ ምንድነው?" አሉኝ። "ዘ ፕሪዝነር" ነበር። "የድሮ የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም ነው ጋሼ፤ ስለ አንድ ሰላይ" አልኳቸው። "እንግዲያው ክፈቺው፣ እንየው" አሉ።

እኔ ይህን ድራማ ከልቤ እወደዋለሁ። ስለሱ የተባለውንም ብዙ ሰምቻለሁ። እንግሊዞች በዚህ ድራማ መከራከር ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ድንቅ ነው የሚል አለ። የቅዠት ክምር ነው የሚል አለ። መጨረሻውን አይቶ ንዴቱ እስከ ዛሬ ያልበረደለትም አለ። ጋሼ ግን ከሁሉም የተለየ ነገር ተናገሩ። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ወዲህ ድራማውን ባሰብኩ ቁጥር እሷ ቀድማ ትመጣብኛለች።

አበባ የሞላው እስር ቤት

ላላያችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የብሪታንያ ሰላይ ተቆጥቶ ሥራውን ይለቃል። ቤቱ ገብቶ ሻንጣውን ሲያሰናዳ በቁልፍ ቀዳዳ ጋዝ ይለቁበትና ራሱን ይስታል። ሲነቃ መስኮቱን ይከፍታል፤ ለንደን የለችም። ያማረ፣ አበባ የሞላበት የባህር ዳር መንደር ውስጥ ነው። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉም ቁጥር ነው። እሱ ቁጥር ስድስት ነው። አስተዳዳሪው ቁጥር ሁለት ይባላል። ከእሱ በላይ ማንም ያላየው ቁጥር አንድ አለ። የሚጠይቁት ሁልጊዜ ያንኑ ነው፦ ለምን ሥራህን ለቀቅክ? እሱ አይናገርም። ሊያመልጥ ሲሞክር ትልቅ ነጭ ፊኛ እያገሳ ይመጣና ትንፋሽ አሳጥቶ ይመልሰዋል።

አስራ ሰባት ክፍል ብቻ ነው ያለው። በእንግሊዝ መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 1967 ነው፤ ያለቀው በ1968 መጀመሪያ ላይ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ዋናውን ሰው የተጫወተው ፓትሪክ ማክጉሃን ነው። መጫወት ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡን አመንጭቷል፣ ጽፏል፣ አዘጋጅቷል። ከዚያ በፊት "ዴንጀር ማን" በሚባል የስለላ ድራማ ስሙ ገንኖ ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ የጠበቀው ሌላ የስለላ ፊልም ነው። የጄምስ ቦንድ ዘመን ነበር። ሽጉጥ፣ ቆንጆ ሴት፣ መጨረሻ ላይ የሚጋለጥ ክፉ ሰው።

ይሄ ሰላይ የ"ዴንጀር ማን"ኑ ጆን ድሬክ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። የስክሪፕት አርታኢው ጆርጅ ማርክስታይን አዎ ነው ይል ነበር። ማክጉሃን ደግሞ አይደለም። እኔን ብዙም አይስበኝም። የሚስበኝ ማርክስታይን ይዞት የመጣው ሌላ ወሬ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ብዙ ምሥጢር ያወቁ ግን ለሥራው ያልሆኑ ሰዎች ስኮትላንድ ውስጥ ኢንቨርሌር ሎጅ በሚባል ቤት ይቀመጡ ነበር። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ መሄድ ግን አይችሉም። ቅዠት የሚመስለው መንደር አንድ እግሩ እውነት ውስጥ ነው።

የተዘጋው ቴሌቪዥን

ወደ ጋሼ ከመመለሴ በፊት የአንድ ሌላ ተመልካች ነገር ላንሳ። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ገና ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ተሰብስቧል። ለወራት የጠበቁት መልስ ሊመጣ ነው፤ ቁጥር አንድ ማነው? አባታቸው የሶቪየት ሰው ነው ብለዋል። እናታቸው የለም፣ የራሳችን መንግሥት ነው ብለዋል። ልጆቹም የየራሳቸውን ይዘዋል።

ከዚያ ያዩት ምን ነበር? ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ጉባኤ። ሲዘፍኑ፣ ሲጨፍሩ። ቢትልስ "ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ላቭ" እያሉ የመትረየስ ተኩስ። ሮኬት። መሃል ላይ፣ ለቅጽበት ብቻ፣ ቁጥር ስድስት የቁጥር አንድን ጭንብል ይገፋል። ከሥሩ የዝንጀሮ ጭንብል አለ። እሱንም ይገፋል። ከሥሩ የገዛ ራሱ ፊት፣ እንደ እብድ እየሳቀ።

አባትየው ተነስተው ቴሌቪዥኑን ዘጉት። "ተጫወቱብን" አሉ። ባልደረባዬ ይህን ሲያወሩልኝ ፊታቸው ላይ ያው ንዴት ነበር። ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያ ሰሞን የቴሌቪዥን ጣቢያው ስልክ በተቆጡ ሰዎች ተጨናንቆ ነበር። ማክጉሃን ራሱ ለተወሰነ ጊዜ ዞር ማለት እንደነበረበት ተናግሯል። በ1977 ለካናዳ ቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ ላይ ደግሞ የሰዉ ቁጣ እንዳላስከፋው ነው የገለጸው። ሰው ምንም ሳይሰማው ከሚያልፍ ተቆጥቶ ቢያስብ ይሻላል ባይ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ድራማው የተቀረጸው በቀለም ነው። ድራማውን ያስተላለፈው ጣቢያ አይቲቪ ግን በቀለም ማስተላለፍ የጀመረው በኖቬምበር 1969 ነው። ስለዚህ በ1967 እና 68 እንግሊዝ አገር ያየው ሰው ሁሉ በጥቁርና ነጭ ነው ያየው። ሮዝ ግድግዳ የለም። ባለ ሽንትር ጃንጥላው፣ ካባው፣ ሰማያዊው ባህር፣ ሁሉም ግራጫ። ባልደረባዬ መንደሩን በቀለም ያዩት ቻናል ፎር በ1980ዎቹ ሲደግመው ነው። "ያኔ ነው እስር ቤቱ እንደሚያስጎመጅ የገባኝ" አሉኝ። እኔና እሳቸው ስለ አንድ ድራማ ስንከራከር የኖርን ይመስለን ነበር እንጂ፣ ያየነው ሁለት ድራማ ነው። የሳቸው የጨለመ ነው። የኔ ከረሜላ የሚመስል ነው። የኔው የበለጠ የሚያስፈራ ይመስለኛል።

ፋይሉ

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ፈጥነው ሲያወሩት ግን ያመልጣቸዋል። ስለዚህ እያቆምኩ እነግራቸዋለሁ።

የመክፈቻው ትዕይንት ግን ንግግር የለውም። ነጎድጓድ፣ ትንሽ የሎተስ መኪና፣ ረጅም ኮሪደር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ቡጢ። ከዚያ አንድ ማሽን የሰውየውን ፎቶ በኤክስ ኤክስ እየመታ ይሰርዘዋል። የብረት ክንድ ካርዱን ይዞ ማለቂያ በሌለው የፋይል ካቢኔ መሃል ይሄዳል። "ሥራ የለቀቁ" የሚል መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ሁሉም ተመልካች መኪናውን ነው የሚያስታውሰው። ጋሼ "መልሺው" አሉኝ። መለስኩት። ካርዱ ሲወድቅ ተጠግተው አዩት። "ፎቶ ላይ አይጻፍም" አሉ። "የሰው ፋይል ይዘጋል እንጂ ፊቱ አይሰረዝም። ይሄ የመዝገብ ቤት ሥራ አይደለም።"

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቁጥር ሁለት የእንግዳውን ሕይወት ከልጅነቱ ጀምሮ በፎቶ ያሳየዋል። ምንም አልቀራቸውም። የጎደለችው የተወለደበት ሰዓት ብቻ ናት። ሰውየው በንዴት ይነግረዋል፦ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ከአንድ ደቂቃ፣ ማርች 19 ቀን 1928። ይህ የማክጉሃን የራሱ የልደት ቀን ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው የራሱን ፋይል ነው የከፈተው" አሉ። ያኔ ብዙም ልብ አላልኩትም።

የሥራና ሠራተኛ ቢሮው ግድግዳ ላይ ደግሞ ዝም ያለ ምላስ ኑሮን ደስተኛ ያደርጋል የሚል መፈክር ተለጥፏል። "ዝም አይነቅዝም" አሉ ጋሼ ወዲያው። ገርሞኝ ቆየሁ። መረጃ አምጣ እያለ ሰው የሚያስጨንቅ መንደር ስለ ዝምታ ይሰብካል። እርስ በርስ ዝም በሉ፣ ለአለቃ ግን ተናገሩ ነው ነገሩ። ሁለቱ ሲገናኙ መንደሩ የሚሠራበት ዘዴ ይታያል።

"ኤ ቼንጅ ኦፍ ማይንድ" የሚለውን ክፍል ስናይ ያሉት ትንሽ ነው። እዚያ ክፍል ላይ ሰዎች ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ድምፅ ማጉያ ላይ ቆመው፣ ጥፋታቸውን ይናዘዛሉ። በቂ አይደለም ይባላሉ፤ እንደገና ይናዘዛሉ። የመሥሪያ ቤት የውይይት ክበብ፣ ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውን ዘመን ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። "ይሄንን ነው ቅዠት የሚሉት?" ብለው ጠየቁኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

የሰው ቼዝ

የከነከነኝ ነገር የመጣው "ቼክሜት" የሚለው ክፍል ላይ ነው።

መንደሩ ውስጥ ሣር ላይ የተሠለፈ ትልቅ የቼዝ ሰሌዳ አለ። ጠጠሮቹ ሰዎች ናቸው። ቁጥር ስድስትም ገብቶ ይቆማል። በጨዋታው መሃል ሩክ (ግንብ የሚመስለው ጠጠር) ሆኖ የቆመ አንድ ሰው ሳይታዘዝ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። በዚያ መንደር በራስ መራመድ በሽታ ነው።

ቁጥር ስድስት ሁልጊዜ አንድ ችግር አለበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሷል፤ እስረኛው የቱ ነው፣ ጠባቂው የቱ ነው? አብሮት የሚያመልጥ ሰው ይፈልጋል፤ ማንን ይመን? የቼዙ አዋቂ ሽማግሌ ፍንጭ ይሰጡታል። በአኳኋናቸው ለያቸው ዓይነት ነው። እሱም ዘዴ ያወጣል። አንዱ ጋ ይጠጋል። ድምፁን ያወፍራል፣ ፊት ለፊቱ ይቆማል፣ ያዘዋል። የሚሽቆጠቆጥ ከሆነ እስረኛ ነው። ቀና ብሎ የሚመልስለት ከሆነ ጠባቂ ነው። ይሄን እያደረገ መንደሩን ይዞራል። ሩኩን ያገኛል። ሌሎችንም ይሰበስባል። ሬዲዮ ይሠራሉ፣ ታንኳ ያዘጋጃሉ፣ ለምታልፍ መርከብ የድረሱልን ጥሪ ሊያሰሙ ነው።

እኔ ይህን ክፍል በጣም እወደው ነበር። በመጨረሻ ሰውየው ብልህ ሆነ፣ ጓደኛም አገኘ እላለሁ። ጋሼ ዘዴውን ካዩ በኋላ፣ ሰውየው አንዱን ምስኪን ሲያፈጥበት፣ ከሶፋው ተደግፈው በተረጋጋ ድምፅ አሉ፦

"ይሄ ሰውዬ ራሱ አለቃ ነው። ይጠረጥሩታል።"

አቆምኩት። "ማን ነው የሚጠረጥረው ጋሼ?" አልኳቸው።

"እነዚህ የሰበሰባቸው ናቸዋ። አየሽ፣ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ እንዴት አደራችሁ ብሎ ይቆማል። አንዱ ሰላም ሳይል 'ያንን ፋይል አምጣ' ይላል። እንዲህ የሚለው ሲመጣ ማን እንደሆነ አልጠይቅም። እግሬ ራሱ ይነሳል። ቆይቼ ነው የትልቅ ሰው ረዳት መሆኑን የምሰማው። አንዳንዴ ደግሞ ማንም አይደለም። እንደሌላው ተራ ባለጉዳይ ነው። እኔ ግን ቆሜለታለሁ። በዚህ ሰውዬ ፊትም እግሬ ይነሳል።"

ክፍሉን ለቀቅኩት። ልክ እንዳሉት ሆነ። ሰውየው መርከቧ ላይ ሲደርስ መርከቧ የመንደሩ ናት። ቁጥር ሁለት በስክሪን ብቅ ብሎ ያስረዳዋል፦ ጥፋቱ የራስህ ነው፤ ሩኩ አንተ ያወጣኸውን ፈተና አንተው ላይ ሞከረው። ማዘዝ ስትጀምር ከእኛ ወገን መሰልከው። ማንም በገንዘብ አልሸጠውም። የገዛ አነጋገሩ አስያዘው።

ጋሼ "አላልኩሽም?" አላሉም። ጉዳዩ ለሳቸው ግልጽ ነበር። እኔ ግን ዲስኩን ሳላወጣ ብዙ ቆየሁ።

እውነት አለቃ ነው?

"እኔ ቁጥር አይደለሁም፣ ነፃ ሰው ነኝ!" የሚለውን ጩኸቱን ብዙዎች ያውቁታል። ቲሸርት ላይ ታትሟል። አድናቂዎቹ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ እምቢ ስለሚል። በመጀመሪያው ክፍል አልገፋም፣ አልታተምም፣ አልመዘገብም፣ ቁጥርም አልሆንም፣ ሕይወቴ የራሴ ነው ብሎ ሲናገር እኔም አብሬው ከመቀመጫዬ የምነሳ ይመስለኛል። ይህ ስሜት ውሸት ነው አልልም። አሁንም ይሰማኛል።

ግን ጋሼ ዓይኔን አንድ ቦታ ላይ ተከሉት። ይህ ሰው ከመንደሩ ነዋሪዎች ጋር ሲያወራ እንዴት ነው የሚያወራው? ይንቃቸዋል። እንደ ጎመን ነው የሚያያቸው። "ፍሪ ፎር ኦል" በሚለው ክፍል ለቁጥር ሁለትነት ይወዳደራል፤ ሊያስፈታቸው ነው መሰለኝ እላለሁ። ይመረጣል፣ ወንበሩ ላይ ይወጣል፣ በድምፅ ማጉያ ነፃ ናችሁ፣ ሂዱ ብሎ ያዛቸዋል። ማንም ንቅንቅ አይልም። ድሮ በሰዎቹ ነበር የምናደደው። አሁን ግን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ከመሃላቸው የአንዱን ታሪክ እንኳ ቁጭ ብሎ ሰምቶ ያውቃል? ለነሱ አዲስ ድምፅ ማጉያ ላይ የወጣ አለቃ ነው። በየሳምንቱ ቁጥር ሁለት ሲቀያየር ያዩ ሰዎች ናቸው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም።

በዚህ በኩል ደግሞ ከጋሼ ጋር አልስማማም፤ ነግሬያቸዋለሁም። "ሃመር ኢንቱ አንቪል" ላይ ሰውየው ለራሱ አይደለም የሚዋጋው። ቁጥር ሁለት አንዲት ሴትን አስጨንቆ ለሞት ስላበቃት ነው ብድሯን የሚመልሰው። "ኢትስ ዩር ፊውነራል" ላይም የግድያ ሴራ ያከሽፋል፤ ምክንያቱም ግድያው ከተፈጸመ ነዋሪው ሁሉ ይቀጣል። አለቃ ብቻ ቢሆን ይህን አያደርግም። ጋሼ ሰምተው "ጥሩ አለቃም አለ እኮ" አሉ። መልስ አጣሁ። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ለሰው መቆርቆርና ሰውን እኩል ማየት አንድ እንዳልሆነ ግን ያኔ ነው አጥርቼ ያሰብኩት።

በዚህ ድራማ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው አስተያየት ስለ መንደሩ ነው፤ ማን ይመራዋል፣ የት ነው፣ ምሥራቅ ነው ምዕራብ። ቦታው በነገራችን ላይ እውነተኛ ነው፤ በሰሜን ዌልስ ያለው ፖርትሜሪየን። አርክቴክቱ ክላፍ ዊሊያምስ-ኤሊስ ከ1925 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የገነባው ነው። ከሌላ ቦታ ሊፈርሱ የነበሩ ቤቶችን ክፍል እያመጣ ገጣጥሞበታል፤ አንዱ የአምድ ረድፍ ከብሪስቶል የመጣ ነው። ድራማው ሲታይ የት እንደተቀረጸ ለተመልካች አይነገርም ነበር፤ ስሙ የተጻፈው የመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። ሄጄ አይቸዋለሁ። በጣም ትንሽ ነው። ሕንፃዎቹ ከሩቅ ትልቅ እንዲመስሉ ላይኛው ክፍላቸው አንሶ ነው የተሠራው፤ ሲጠጉት ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ መስኮት ያገኛሉ። ሲክስ ኦፍ ዋን የሚባለው የአድናቂዎች ማኅበር በ1977 ተቋቁሞ እዚያ ሲሰበሰብ የሰው ቼዝ ይጫወታል። ካባ ለብሰው ሣሩ ላይ ይቆማሉ። እኔ ቆሜ ያየሁት ባዶውን ሣር ነው። ጠጠር ከመሆን ይልቅ ዳር ቆሞ ማን ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ መለየት ምን ያህል እንደሚቀል አሰብኩ። ቁጥር ስድስትም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

አሳላፊው

የመጨረሻውን ክፍል ከጋሼ ጋር ሳይ ፈርቼ ነበር። የባልደረባዬ አባት ያደረጉትን ያደርጋሉ ብዬ።

ጩኸቱ አልወደዱትም። ጭፈራው ሲበዛ "ይሄ ምንድነው?" አሉ። ልክ ናቸው። ማክጉሃን ይህን ክፍል በጥድፊያ ነው የጻፈው፤ ጥድፊያው ይታያል። ትርምስ የበዛበት፣ ሁሉንም ባንዴ ልበል የሚል ክፍል ነው። በ1968 የተናደዱ ሰዎች በዚህ ቢናደዱ እረዳቸዋለሁ።

ግን አንድ ቦታ ላይ ጋሼ ተጠግተው አዩ። ጉባኤው ቁጥር ስድስትን አሸንፈሃል ይለዋል። ወይ ምራን ወይ ሂድ ይለዋል። የቤቱን ቁልፍ፣ ገንዘብ፣ ፓስፖርት ያቀርብለታል። ዙፋን አዘጋጅቶለታል። እሱም ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። ንግግር ሊያደርግ ይነሳል። "እኔ" ብሎ ሲጀምር ተሰብሳቢዎቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። እንደገና "እኔ" ይላል፤ እንደገና ይጮኻሉ። ንግግሩ ከዚያች ቃል አላለፈም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው ጭንብሉን ገፎ የራሱን ፊት የሚያገኘው። ጋሼ አልደነገጡም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልደነገጥኩም። መልሱ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። "ቼክሜት" ላይ ተነግሮን ነበር፤ ያን ጊዜ ሩኩ አይቶታል፣ እኛ አላየንም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ ተመልካቹም ሰውየውም የክፉውን አድራሻ ውጭ ውጭውን ሲፈልጉ ነበር።

ስለዚህ ከባልደረባዬ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። መልሱ አላታለላቸውም። የተነገረበት መንገድ ነው ያናደዳቸው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በ2009 ድራማውን እንደገና ሠርተውታል፤ ናሚቢያ ውስጥ ስዋኮፕሙንድ በምትባል ከተማ፣ ስድስት ክፍል ብቻ። እዚያ ሁሉም ነገር ይብራራል። አይቼ ጨርሼ ከማንም ጋር የምከራከርበት አንድ ነገር አላገኘሁበትም።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። ቁጥር ስድስት ለንደን ይገባል። አብሮት አጭሩ አሳላፊ አለ። ይህን ሰው የተጫወተው አንጀሎ ማስካት ነው። በድራማው ሙሉ አንድ ቃል አይተነፍስም። ለቁጥር ሁለቶች ሻይ ያቀርባል፣ ጃንጥላ ይይዛል፣ በር ይከፍታል። አሁን ከቁጥር ስድስት ጋር መጥቷል። ሰውየው መኪናው ውስጥ ይገባል። አሳላፊው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሩ በራሱ ይከፈትለታል፤ ልክ እንደ መንደሩ በሮች። በሩ ላይ ቁጥር 1 ተጽፏል።

አድናቂዎች ስለዚህ በር ብዙ ብለዋል። በራሱ ስለተከፈተ ሰውየው አሁንም እስረኛ ነው ይላሉ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ጋሼ የጠየቁኝ ግን ስለ በሩ አልነበረም።

"ይሄኛውስ መቼ ነው ነፃ የሚወጣው?" አሉ፣ አሳላፊውን በጣታቸው እያሳዩ።

በዚህ ድራማ ላይ ያነበብኩትን ሳስብ ስለ አሳላፊው ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። ሁላችንም የነፃው ሰው ጉዳይ ይዞናል። ነፃው ሰው ቤቱ ሲገባ ሻይ የሚያፈላለት ማነው? አለቃው ተቀየረ እንጂ የአሳላፊው ሥራ አልተቀየረም። ማክጉሃን ይህን አስቦ አድርጎት ይሁን ሳያስብ ለክርክሩ አይጠቅመኝም፤ ስክሪኑ ላይ አለ። የመጨረሻው ትዕይንት የቁጥር ስድስት ብቻ ታሪክ አድርገን ስላየነው ነው ሌላው ሰው ያመለጠን።

ጋሼ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በስልክ እንቀጥላለን። እሳቸው ሩኩ የራሱ ድራማ ሊኖረው ይገባ ነበር ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ቁጥር ስድስትን ጨርሼ አሳልፌ አልሰጥም፤ እምቢታው ዋጋ አለው እላለሁ፣ ምስኪኑን ሲያፈጥበት ግን እሳቸው ልክ ናቸው።

ልታዩት ከፈለጋችሁ አንድ ምክር አለኝ። የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ራሱ አድናቂዎችን ያጨቃጭቃል፤ የታየበት ተራና የተቀረጸበት ተራ ይለያያል። "ቼክሜት" በእንግሊዝ ዘጠነኛ ሆኖ ነው የታየው፤ የተቀረጸው ግን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው። እናንተ የመጀመሪያውን ክፍል እንደጨረሳችሁ ሁለተኛ አድርጋችሁ እዩት። ከዚያ "ፍሪ ፎር ኦል"ን አስከትሉ። የቀሩትን እንደፈለጋችሁ። ስታዩ ሰውየው ነዋሪዎቹን እንዴት እንደሚያናግር ልብ በሉ፣ አሳላፊውንም ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ተከተሉት። ከጋሼ ጋር የምትስማሙ ከሆነም የማትስማሙ ከሆነም ጻፉልኝ፤ አነብላቸዋለሁ።